አንድ ትልም

አባቴ በአንድ ትልም ተከራክሮ ሞተ፤
እነዋሪ ፍርድ ቤት መዝገቡ ሻገተ።
ተከሳሽ ሸዋንግዛው፣ ጎረቤት፣ አበልጁ፤
«ድንጋዩን አሸሸው፣ እርፍ እንደያዘ በእጁ፣
በሬ ሲጠመዝዝ አንዲት ክንድ ጨማምሮ።»
ይህ ነው አቤቱታው፣ ከዘንድሮ ዘንድሮ።
ዳኛው ቀን ሲቀጥር፣ አባቴ እጅ ሲነሳ፣
የጎተራው ሆዱ በጠበቃ ሳሳ።
እኔም ስንቅ ይዤ ከኋላው ስከተል፣
የመረሬን ጭቃ ከጫማዬ ስነቅል
አደግሁ።

ወርቅያንጥፉ መጣች፣ የልማት ሠራተኛ፣
ቦቲዋን ጭቃ ውጦት፣ ድምፅዋ ግን የዳኛ።
«ኩታ ገጠም» አለች፣ ወረቀት ዘርግታ፣
«የሠላሳ ሰው ማሳ ይገጣጠም ላንድ አፍታ፤
አንድ ዓይነት ምርጥ ዘር፣ አንድ ቀን፣ አንድ መስመር፤
ድንበር በደብተር ይኑር፣ ስንዴው ይኑር በምድር።»

አባ ጥላዬ ተነሡ፣ ከዘራቸውን ተከሉ፤
«አምራች ማኅበር ብለው በሬዬን ወሰዱ፤
ቀንበሩ ተመልሶ በሬዎቼ ሄዱ።
በሽግሽግ መጡና ገመድ ጥለው ቆረሱ፤
አሁን ደግሞ ድንበር! ምን ቀረው ሰው? ነፍሱ?»
ሰው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
«እውነትዎን ነው» አለች፣ «በሬው የእርስዎ ነው።
እኔ ከዚህ አፈር የማስወጣው ውሃ ነው።»
ጥቁሩ አፈራችን ክረምት ሲያብጥ፣ ዘር ሲያሰጥም
መሬት የጠላን ይመስለን ነበር፤
እሷ በቢቢኤም መደብ አውጥታ፣ ቦይ ቀድዳ
መተንፈሻ ብቻ እንዳጣ አሳየችን።

ማዳበሪያው ግን ዘገየ።
ሐምሌ ገባ። ሐምሌ አሥር። ሐምሌ አሥራ አምስት።
ከዩኒየኑ መጋዘን ደጃፍ፣ ጆንያ ተከናንበን፣
አንዱ «ደብረ ብርሃን ደርሷል» ይላል፣
አንዱ «ጅቡቲ ነው»፣
አንዱ «ገና መርከብ ላይ ነው»፤
ባሕር አይተን የማናውቅ ሰዎች
ስለ ማዕበል ስንጨነቅ ሰነበትን።
ነጋዴው በጓሮ እጥፍ ዋጋ ሹክ ይለናል።
ወርቅያንጥፉ ጉብታው ላይ ወጥታ፣ ኔትወርክ ፍለጋ፣
«ሃሎ ወረዳ! ሃሎ ዞን!» ስትል
ነፋሱ ብቻ «አቤት» ይላታል።

መጣ አንድ ሌሊት፣ ከዝናብ ጋር።
በብድር ነው፤ አውራ ጣታችንን በቀለም ነክረን ፈረምን።
ሸዋንግዛው አርጅቷል፤
ጆንያውን ቢያነሳ፣ ጉልበቱ ከዳው።
አነሳሁለት።
አልተነጋገርንም።
ከበደኝ ግን፤
ሃምሳ ኪሎ፣ ላዩ ላይ አንድ መዝገብ።

በማግሥቱ ድንጋዩ ተነቀለ።
ማን እንደነቀለው አላየሁም፤ አላየሁም አልሁ።

ታኅሣሥ ላይ ጅሩ ቢጫ ሆነ፣ ዳር የሌለው፤
ኮምባይነሩ ገብቶ የእኔንም የእሱንም
ሳይጠይቅ ዋጠው።
አቧራው ሲረግፍ ሸዋንግዛው ጠራኝ፤
ከዘራውን ገለባው ውስጥ እየወጋ፣
«የአባትህ ትልም የት ነበረች?»
ፈለግን። እሱ ወዲህ፣ እኔ ወዲያ።
አላገኘናትም።
«ይሁን፤ ግን ስንት ታወጣ ነበር?»

ወርቅያንጥፉ ስልኳን አውጥታ መታችው፤
ርዝመቱ መቶ ሜትር፣ ወርዱ አንድ ክንድ፣
በሄክታር አርባ ኩንታል ቢታሰብ…
«ሃያ ኪሎ» አለች።

ሃያ ኪሎ።
ለጠበቃው ምሳ የማትበቃ።
ሸዋንግዛው ጥርስ የሌለው አፉን ከፈተ፣ ሊስቅ መሰለኝ፤
አልሳቀም።
ከራሱ ክምር ሰፍሮ፣ በሚዛን አስመዝኖ
ግማሽ ጆንያ ስንዴ እግሬ ሥር አኖረ።
እኔ ወደ እሱ ገፋሁት።
እሱ ወደ እኔ።
አበዳሪው ማኅበር ዕዳውን ሊሰበስብ ሚዛኑን እየጠበቀ፣
ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ፣
ጆንያው መሀላችን ቆመ፤
ድንጋዩ ከነበረበት ሳይሆን አይቀርም።

ወርቅያንጥፉ ደብተሯን ገልጣ ብዕሯን ነከሰች።
በማን ስም እንደጻፈችው
እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።